የታደሰ ምስል፣ የቀረ ቃል፦ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከጁባ ሲታይ

የቆየ ፊልም ታድሶ ወደ ሲኒማ ቤት ሲመለስ ስለ ምስሉ ብዙ ይነገራል። ጭረቱ ጠፋ፣ ጥቁሩ ጠለቀ፣ ድምፁ ጠራ ይባላል። የአፍሪካ ፊልሞች እድሳት እ.ኤ.አ. በ2017 ፊልም ፋውንዴሽን፣ የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ፌዴሬሽንና ዩኔስኮ አምሳ ፊልሞችን ለማዳን ከተነሡ ወዲህ የተደራጀ መልክ ይዟል፤ የሞሪታንያዊው ሜድ ሆንዶ «ሶሌይ ኦ» የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ፍሬ ነበር። ከኢትዮጵያውያን ዳይሬክተሮች መካከል በዚህ ዓይነቱ መመለስ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ፊልማቸው ከተሠራ ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በካን ፌስቲቫል የክላሲክ ፊልሞች ክፍል እንደገና ታይቷል፤ በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» ደግሞ በ2021 በታደሰ ቅጂ ለአዲስ ትውልድ ቀርቧል። የቋንቋ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ከመደሰቱ ቀጥሎ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ምስሉ ሲታደስ ንግግሩስ ምን ሆነ?

ጥያቄው ለ«ሳንኮፋ» ያን ያህል አይከብድም፤ ርእሱን ከአካን ቢዋስም ንግግሩ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነውና። ለ«ምርት» ግን ከባድ ነው። ፊልሙ በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች የተሠራ የ150 ደቂቃ የአማርኛ ሥራ ነው። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ የፈጀ፣ ያውም ዘውዱ በወደቀበትና አዲሱ ሥርዓት ገና ባልጠነከረበት ክፍተት የተከናወነ ነው። ታሪኩ በጥቂት ቃል ያልቃል። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ለአንድ ባለመሬት ያርሳል። ባለመሬቱ ከቤቱ ፊት ተቀምጦ ያዛል፣ ይቆጣል። እረኛዋ ልጅ በሞላ ወንዝ ትወሰዳለች። መሬቱን የተነጠቀ፣ እብድ ተብሎ የሚታለፍ ሰው በመጨረሻ ባለመሬቱን ይገድላል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ሲደርስ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮት ስለ ነበር፣ ገና ለዕይታ ሲበቃ ያለፈ ሥርዓት ሰነድ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ቃሉ ከምስሉ ተለይቶ መንገድ ላይ መቅረት የሚጀምረው ከርእሱ ነው። በፌስቲቫል ዝርዝሮችና በመዛግብት የሚገኘው የላቲን ፊደል አጻጻፍ የመጨረሻውን ቃል «አሚት» ተብሎ እንዲነበብ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ «አመት» ወይም «ዓመት» የሚል አማርኛ አንባቢ ፊልሙን በዚያ ፊደል ቢፈልገው አያገኘውም። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን ይታረማል። ትልቁ ያለው «ምርት» ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ርእስ የያዘው ቃል የአጨዳውን ሥራና ወቅትም፣ የተገኘውን እህልም በአንድነት ይጠራል። አማርኛ እነዚህን ይለያቸዋል፤ ወቅቱ መኸር ነው፣ ሥራው አጨዳ ነው፣ ምርት ግን ተወቅቶ ተበራይቶ አውድማ ላይ የተከመረው፣ የሚሰፈረውና የሚካፈሉት ነገር ነው። በእኩልና በሲሶ ሲያርስ የኖረ ገበሬ «ምርት» ሲባል የሚታየው ማጭድ አይደለም፤ ቁና ነው። የአማርኛው ርእስ «ሦስት ሺህ ዓመት የተመረተው የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። የእንግሊዝኛው ርእስ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ሰዎች ለረጅም ዘመን እንዳጨዱ ብቻ ይናገራል።

ይህ ፊልም ትልቅ ስክሪን የሚፈልገው ስለ ርቀት የተሠራ በመሆኑ ነው። ካሜራው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ይቆማል። ሰዎች በሜዳው ውስጥ ትንንሽ ሆነው ይታያሉ፣ በሬዎቹ ዝግ ብለው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ አንድ ምስል ተመልካቹ ይበቃል ካለ በኋላም ይቀጥላል። በስልክ ስክሪን ላይ ያ ገበሬ ነጥብ ነው፤ ድካሙም ጊዜ ከማባከን አይለይም። በሲኒማ ቤት ግን ነጥቡ ሰው ይሆናል፣ ርዝመቱም ክብደት ይኖረዋል። እዚህ ድረስ ምስልን የሚያድሱት ባለሙያዎች ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው።

ሆኖም ሰው ከሩቅ ሲታይ ከንፈሩ አይታይም። በተጨማሪም በዚህ ፊልም ድምፅና ምስል ሁልጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው አይሄዱም፤ ተናጋሪው ከምስሉ ውጭ ሆኖ ድምፁ በሠራተኞቹ ላይ ሊወርድ ይችላል። ታዲያ ማን ለማን እንደሚናገር በምን ይታወቃል? አማርኛ ሰሚ በግሡ ያውቀዋል። አማርኛ ሁለተኛ ነጠላ መደብን ጾታና ክብር ሳይመርጥ ማርባት አይችልም፤ «መጣህ»፣ «መጣሽ»፣ «መጡ» ከማለት ውጭ መካከለኛ ቦታ የለም። ባለመሬቱ ሲያዝ የግሡ መጨረሻ ወንዱን ነው ሴቷን፣ አባትየውን ነው ልጅቷን የሚለውን ይነግራል። ጭሰኛው ሲመልስ መጨረሻው ራሱን ዝቅ ማድረጉን ይነግራል። ምስሉ በርቀት የደበቀውን ሰዋስው በቅርበት ይገልጠዋል። አማርኛ የሚያውቅ ተመልካች ይህን ፊልም በሁለት ርቀት በአንድ ጊዜ ያየዋል፤ በዓይኑ ከሩቅ፣ በጆሮው ከቅርብ።

ክብሩን የሚሸከመው አረባብ ደግሞ የራሱ የሆነ አሻሚነት አለው። ለማስረጃ ከፊልሙ ያልተወሰደ አንድ ተራ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ «እህሉን ወሰዱት»። ይህ «እርስዎ ወሰዱት» ሊሆን ይችላል፣ «እሳቸው ወሰዱት» ሊሆን ይችላል፣ «እነሱ ወሰዱት» ሊሆን ይችላል። ጭሰኛ ፊት ለፊት የማይደፍረውን ክስ ስለ ሦስተኛ ወገን የሚያወራ መስሎ ሊናገረው ይችላል፤ ሰዋስው መሸሸጊያ ይሰጠዋል። በአንጻሩ «ወሰድከው» ያለ ዕለት መሸሸጊያው ይፈርሳል፤ አንዲት «ክ» የአመፅ መጀመሪያ ትሆናለች። ለዚህ ነው በአማርኛ «አንቱ የተባለ» ሰው ማለት ስሙ የተከበረ ሰው ማለት የሆነው፤ ተውላጠ ስሙ ራሱ ሹመት ነው። (አማርኛ እግዚአብሔርን «አንተ» እያለ ይለምናል፤ ባለመሬቱን ግን «እርስዎ» ይላል። የዚህ ልማድ ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ስለ መሬት ሥሪት ለሚሠራ ፊልም ከዚህ የሚበልጥ ፌዝ አይገኝም።)

አሁን ከሥር የሚነበበው ትርጉም፣ በተለምዶ ሰብታይትል የሚባለው፣ ይምጣ። እንግሊዝኛ ለሁለተኛ መደብ ያለው ቃል አንድ ነው። ባለመሬቱ ለጭሰኛው፣ ጭሰኛው ለባለመሬቱ፣ እናት ለልጇ፣ እብድ የተባለው ሰው ለሁሉም፣ በአንድ ቃል ይነጋገራሉ። በሜዳው ላይ ያለው ርቀት ሳይነካ በንግግሩ ውስጥ ያለው ርቀት ተደምስሷል። ጥፋቱ የተርጓሚው አይደለም፤ በሁለት መስመር ውስጥ ይህን ሁሉ ማስገባት የሚችል የለም። ችግሩ እድሳቱ ያንን አንድ መስመር እንደ ፊልሙ አካል ቆጥሮ አብሮ ማጽዳቱና ከዚያ በታች ያለውን አማርኛ እንደ ድምፅ ብቻ ማየቱ ላይ ነው። ድምፅ ሲጠራ ጫጫታው ይወገዳል፤ ትርጉሙ ግን አይጨምርም።

ፊልሙ ወደ ጁባ ቢመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የ2011 የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ፣ የአገሪቱን ነባር ቋንቋዎች ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋዎች አድርጎ ደንግጓል። በገበያና በመንገድ የሚሰማው ግን በአመዛኙ የጁባ ዐረብኛ ነው። ከጁባ በስተደቡብ በምትገኘው ረጃፍ እ.ኤ.አ. በ1928 የተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ ዲንካን፣ ባሪን፣ ኑዌርን፣ ላቱኮን፣ ሺሉክንና ዛንዴን ለትምህርት ቤት ሲመርጥ ይህን የመንገድ ቋንቋ ከተመረጡት ውስጥ አላካተተውም፤ የጁባ ዐረብኛ እስከ ዛሬ ከመጻፍ ይልቅ መነገር ይቀናዋል። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ሰብታይትል እዚህ ሲደርስ ከተማው በቢሮ የሚያነበውን ቋንቋ ይዞ ይመጣል፤ ፊልሙ የሚናገርላቸው ዓይነት ሰዎች በየቀኑ የሚግባቡበትን ቋንቋ ግን አይነካም።

በጁባ ዐረብኛ ቢተረጎምስ? መጀመሪያ ሲታይ ጉድለቱ የእንግሊዝኛውን ይመስላል። «ኢታ» ወንድንም ሴትንም፣ ትልቅንም ትንሽንም ይጠራል። ግሡም በመደብ አይለወጥም፤ «ኢታ ሺሉ»፣ «ኡዎ ሺሉ»፣ «ኡመን ሺሉ» ሲባል መውሰዱን የሚናገረው «ሺሉ» ባለበት ቆሞ ሥራውን ሁሉ ተውላጠ ስሙ ይሠራል። እንግዲህ «ወሰዱት» የሚለውን ባለ ሦስት ፊት ቃል የሚተረጉም ሰው ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሁለቱን መጣል አለበት፤ መሸሸጊያው ይፈርሳል። እንደ ባሪና ዲንካ ያሉት ቋንቋዎችም ሁለተኛውን ነጠላ መደብ በጾታ አይለዩም። ይህ ግን ቋንቋዎቹ ክብርን መግለጽ ያቅታቸዋል ማለት አይደለም፤ ክብሩ በግሥ መጨረሻ ሳይሆን በሌላ ስፍራ፣ በዝምድና መጠሪያ፣ በማዕረግ፣ ማን ቀድሞ ይናገራል በሚለው ላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ የሚጠቅም አንድ ተሞክሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደኑ ግሎብ ትያትር 37 የሼክስፒር ሥራዎች በ37 ቋንቋዎች ሲቀርቡ የደቡብ ሱዳን ትያትር ኩባንያ «ሲምበሊን»ን በጁባ ዐረብኛ ተጫውቷል፤ የተረጎመው ጆሴፍ አቡክ ነበር። የሼክስፒር እንግሊዝኛ ዛሬ የጠፋውን የ«አንተ»ና የ«እርስዎ» ልዩነት ገና ይዞት ነበርና «ኢታ» ያን ጊዜም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞታል። በመድረኩ ዙሪያ የሚታየው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ንግግሩን ቃል በቃል የሚከተል ሳይሆን የየትዕይንቱን ፍሬ ነገር ብቻ የሚገልጽ ነበር። ይህ ውሳኔ ለብዙ ተመልካች የማይመች ቢሆንም ሐቀኛ ነው፤ ተመልካቹ ቋንቋውን እንደማይሰማ እያወቀ የተዋናዩን ሰውነትና ድምፅ እንዲያዳምጥ ያስገድዳል፣ ሙሉ ትርጉም አግኝቻለሁ ብሎም አይታለልም።

ለ«ምርት» ባለመሬት የጁባ ዐረብኛ መጠሪያ መፈለግ ግን ከዚህም ይከብዳል። «ባባ» ቢባል ፍርሃቱ ወደ ዝምድና ይለሰልሳል፤ ጭሰኛው የአባት ርስት ያለው ልጅ ይመስላል። የሰሜን ነጋዴን በሚያስታውሰው «ጀላባ» ቢባል ደግሞ አንድ ቋንቋ በሚናገሩ፣ በአንድ አገር በተወለዱ ሰዎች መካከል ያለው የመደብ ግፍ ወደ ዘርና ወደ ሃይማኖት ታሪክ ይዞራል። የፊልሙ መራራነት ያለው በዳዩና ተበዳዩ አንድ አማርኛ መናገራቸው ላይ ነው፤ የሚለያቸው የግሡ መጨረሻ ብቻ ነው። በካምፓላ ቪዲዮ ቤቶች ፊልሙ እየታየ በማይክሮፎን በሉጋንዳ የሚተርኩት ሰዎች መንገድ ምናልባት ከጽሑፍ ይሻላል። ተራኪው ድምፁን ዝቅ ከፍ ሊያደርግ፣ «አሁን አንተ አለው!» ብሎ ሊጮኽ ይችላል። ንጹሕ ጸጥታ የለመደ የፌስቲቫል ታዳሚ ይህን እንደ ድፍረት ይቆጥረው ይሆናል። ይሁንና ድሮ በጃፓን ድምፅ አልባ ፊልም አጠገብ ቆሞ ይተርክ የነበረው ቤንሺ እንደ ከያኒ ይታይ ነበር፤ ለካምፓላው ተራኪ ያ ክብር የሚነፈግበት ምክንያት አይታይም።

ጁባ ውስጥ ትርጉም የማያስፈልገው ተመልካችም አለ። ከተማዋ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ነጋዴዎች መኖሪያ ናት። ከእነርሱ ሌላ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጋምቤላ ውስጥ በኢታንግና በፒኝዶ መጠለያዎች ያደጉ፣ አማርኛን እዚያው የለመዱ ደቡብ ሱዳናውያን አሉ። አማርኛን በመጠለያ ጣቢያ የለመደ ሰው ትእዛዝ አንቀጽን ቀድሞ መስማቱ አይቀርም፤ «ና»፣ «ቁም»፣ «ተቀመጥ»። ስለ «ምርት» የሚጻፈው ሂስ እስከ ዛሬ ይህን ሰሚ አላሰበውም። የባለመሬቱን ድምፅ ሲሰማ የሚገባው ነገር ከጎንደሬው ተመልካች የተለየ፣ ምናልባትም ለፊልሙ ሐሳብ ይበልጥ የቀረበ ሊሆን ይችላል።

የቀረው ሥራ የፊልም ሠሪዎች ሳይሆን የዚህ ሙያ ሰዎች ነው። የ150 ደቂቃው ንግግር በሙሉ በፊደል ተጽፎ፣ ተናጋሪውና ተደራሹ በእያንዳንዱ መስመር ተለይቶ፣ ከታደሰው ቅጂ ጋር መጓዝ ይኖርበታል። ተናጋሪዎቹ የተዋናይ አማርኛ ስላልሰለጠኑ የሚገኘው ጽሑፍ ለሰብታይትል ብቻ የሚያገለግል አይሆንም፤ ከአዋጁ ዋዜማ የተቀዳ የገጠር አማርኛ ናሙናም ይሆናል። በዚያ ዘመን ገበሬው «አንቱ» ይል ነበር ወይስ «እርስዎ»? በየትኛው ሰው ፊት የትኛውን? እብድ የተባለው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው? ኃይሌ ገሪማ ጎንደር የተወለዱ፣ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲና የትያትር ሰው የነበሩት የገሪማ ታፈረ ልጅ ናቸው፤ ንግግር እንዴት እንደሚመዘን ከቤታቸው የተማሩ ዳይሬክተር እነዚህን ምርጫዎች እንዲሁ በዘፈቀደ ይተዋሉ ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ሥራው ሲጀመር ከየትኛው ትዕይንት መነሣት እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ሰዎቹ ከሩቅ ከሚታዩበት፣ የሚናገረው ሰው ፊት ከማይለይበት ትዕይንት።