ባክአፑ «በርቷል» ይላል፤ ፋይሉስ ይመለሳል?

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በቀረበ ቁጥር በየዩኒቨርሲቲው የሚሰማ ልመና አለ፦ «ላፕቶፔ አልነሳ አለኝ፤ ጽሑፌን ማውጣት ይቻላል?» ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ይብሳል፦ «ኧረ ባክአፕ ነበረኝ እኮ!» እውነቱን ነው፤ ነበረው። በራሱ እንዲሠራ ተስተካክሎም ነበር። ስክሪኑም «በርቷል» ይል ነበር። ሲከፈት ግን የተገኘው ከወራት በፊት የተቀዳ አሮጌ ፋይል ነው፤ አንዳንዴም ባዶ ፎልደር።

እንዲህ ሲሆን ጥፋቱን ባለቤቱ ላይ መለጠፍ ልማድ ሆኗል። «ቼክ ማድረግ ነበረበት» ይባላል። ይህ ጽሑፍ ግን ወቀሳውን ወደ መሣሪያዎቹ ያዞራል። በብዙዎቻችን ኮምፒውተር ላይ ያሉት አውቶማቲክ የባክአፕ ፕሮግራሞች ሁለት ከባድ ጉድለት አለባቸው። አንደኛ፣ የሚነግሩን መቅዳታቸውን እንጂ የቀዱት ነገር ሊመለስ መቻሉን አይደለም። ሁለተኛ፣ የተሠሩት መብራት ለማይሄድበት፣ ኔት ለማይቋረጥበት ኑሮ ነው። ከቀሐ ወንዝ ዳር፣ ከጎንደር ሆኖ ለሚያያቸው ሰው ሁለተኛው ጉድለት የመጀመሪያውን ያባብሰዋል።

መብራት ለማይሄድበት አገር የተሰፋ ልብስ

ከዊንዶውስ እንጀምር። ሥራን በሰዓቱ በራሱ እንዲጀምር የሚያደርገው ክፍል «ታስክ ስኬጁለር» ይባላል። የባክአፕ ትእዛዝም በእሱ በኩል ሊቀጠር ይችላል። ማንም ሳይነካው ከፋብሪካው እንደመጣ ሁለት ነገር አለው። አንዱ «ኮምፒውተሩ መብራት ላይ ካልተሰካ ሥራውን አትጀምር» የሚል ምርጫ ነው፤ ይህ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። ሌላው «የቀጠሮው ሰዓት ካመለጠ፣ እንደተቻለ ወዲያው ሥራ» የሚለው ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ምልክት ሳይደረግበት ይመጣል።

ሁለቱን አንድ ላይ አስቧቸው። ባክአፑ ለማታ 2 ሰዓት ተቀጥሯል እንበል። በዚያ ሰዓት መብራት ከሌለ ላፕቶፑ በባትሪ ስለሚሠራ ባክአፑ አይጀምርም። መብራት ሲመጣም «አምልጦኛልና ልሥራው» አይልም፤ የነገውን ማታ ይጠብቃል። ነገም መብራት ከሄደ እንደገና ያልፈዋል። ስክሪኑ ላይ ግን የሚጮህ ነገር የለም።

በዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን ይጨመራል። ጠዋት ቢሮ እንደገባ እንዲሠራ ፈልጎ «2:00» ብሎ የሚሞላ ሰው አለ። ለኮምፒውተሩ ግን ይህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ቢሮው ተቆልፏል፣ ማሽኑም ጠፍቷል። ፕሮግራሙ ያቀደውን ሰዓት አልሳተም፤ ሰውየውም የፈለገውን ያውቃል። ሁለቱን የሚያግባባ አንዲት የማረጋገጫ ዓረፍተ ነገር ግን ማንም አላስቀመጠም።

«ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ»

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው «ፋይል ሂስትሪ» ጥሩ ሐሳብ ነው። ኤክስተርናል ዲስክ ሰክታችሁ ካበራችሁት፣ ማንም ካልቀየረው በየሰዓቱ የተለወጡ ፋይሎችን ይቀዳል፤ የቀድሞዎቹንም ቅጂዎች አይጥልም። ትናንት የሰረዛችሁትን ምዕራፍ ከባለፈው ሳምንት ቅጂ ልታወጡት ትችላላችሁ። ይህ በጎ ጎኑ ነው።

ችግሩ የሚቀዳው ምን እንደሆነ ነው። ከፋብሪካው እንደመጣ የሚያየው ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትን፣ ፎቶን፣ ሙዚቃን፣ ቪዲዮንና ጥቂት ሌሎችን ብቻ ነው። የእኛ ልማድ ደግሞ ሌላ ነው። ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆች ዲስኩን «ሲ» እና «ዲ» ብለው ይከፍሉታል፤ «ሲ ፎርማት ቢደረግ እንኳ ዲ ላይ ያለው አይነካም» ይሉናል። እኛም ቁም ነገሩን ሁሉ ዲ ላይ እናከማቻለን። ፋይል ሂስትሪ ደግሞ እኛ በእጃችን ካልጨመርንለት ዲን ዞር ብሎ አያይም። ሰዎች «ባክአፕ» ብለው የሚያስቡት ዲ ራሱ ከሲ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ያለ አንድ ዲስክ ነው። ሲወድቅ ወይም ሲሰረቅ አብረው ይሄዳሉ።

ሌላው የቦታ ነገር ነው። ብዙ ፍላሽ «ፋት 32» በሚባል አደረጃጀት ይመጣል፤ ይህ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ጥር 11 ቀን ከቀሐ በሚመጣው ውሃ የሚሞላውን የፋሲል መዋኛ ሲቀርጽ የዋለ የቪዲዮ ባለሙያ ትልቁ ፋይሉ ሳይቀዳ ሊቀርበት ይችላል። የዘንድሮ ጥምቀት ደግሞ እንደገና አይቀረጽም። «ፋት 32» እና «ኤክስፋት» የጽሑፍ መዝገብ ስለማይይዙም፣ ሲቀዱ መብራት ድርግም ካለ ከ«ኤንቲኤፍኤስ» ይልቅ በቀላሉ ይበላሻሉ።

ክላውድ መስተዋት ነው

«ታዲያ ጎግል ድራይቭ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ፤ በነጻ 15 ጊጋባይት ይሰጣል። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ 5 ይሰጣል። ነገር ግን እነዚህ በዋናነት የሚሠሩት ሲንክ ነው። ሲንክ መስተዋት ነው፤ እዚህ የሆነውን እዚያ ያሳያል። እዚህ ብትሰርዙት እዚያም ይሰረዛል። የተሰረዘው በቅርጫቱ ውስጥ 30 ቀን ይቆይና ይጠፋል። ክረምቱን ሙሉ ሳይከፈት የቆየ ፎልደር መሰረዙ የሚታወቀው መስከረም ላይ ከሆነ ጊዜው አልፏል።

ኩባንያዎቹም ይሳሳታሉ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የጎግል ድራይቭ የኮምፒውተር ፕሮግራም በአንድ እትሙ ባለበት እንከን ምክንያት ተጠቃሚዎች የወራት ፋይል እንደጠፋባቸው አመለከቱ፤ ጎግልም በኋላ ማስመለሻ መንገድ አወጣ። ዋንድራይቭ ደግሞ ባትሪ ቁጠባ ሲበራ፣ ወይም ኔትወርኩ «በገደብ የሚከፈልበት» ተብሎ ሲመዘገብ ሥራውን ያቆማል። ለዳታ ቁጠባ ጥሩ ነው። በስልክ ሆትስፖት ለሚኖር ሰው ግን ባክአፑ አብዛኛውን ጊዜ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው ኔቱ ራሱ ሲሄድ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በክላውድ ላይ ብቻ የተማመነ ሰው በዚያን ጊዜ አዲስ ሥራው ወደ ላይ አልወጣለትም፤ የድሮውም ወደ እሱ አልወረደለትም። ማንኛውም የባክአፕ ምክር «ኔት ለ6 ወር ቢጠፋስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ ለዚህ አካባቢ አልተጻፈም።

ትልልቆቹም ወድቀዋል

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። ጥር 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ሠራተኛ በስሕተት ዋናውን የመረጃ ቋት ሰረዘው። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ኩባንያው 5 ዓይነት መጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ በዚያች ሰዓት ግን አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። አንደኛው ዘዴ በእትም አለመጣጣም ምክንያት ሲከሽፍ ቆይቷል፤ «ከሽፏል» የሚለው የማስጠንቀቂያ ኢሜይልም በኢሜይል ማጣሪያ ታግዶ ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ከ6 ሰዓት በፊት በአጋጣሚ ያነሳው ቅጂ ነው።

መስከረም 26 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ተቃጠለ። የመንግሥት ሠራተኞች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት መረጃ አብሮ ወደመ። መጠኑ ትልቅ ስለሆነ በሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። በኢንተርኔት ፍጥነቷ የምትታወቅ አገር በአንድ ሕንጻ ተማምና አመድ ታቀፈች።

ጎንደር ይህን ነገር ታውቀዋለች

ሁሉንም በአንድ ቦታ ማከማቸት ምን እንደሚያመጣ ጎንደር ከኮምፒውተር በፊት አይታዋለች። ከከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡ ብዙ የብራና መጻሕፍት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከዚያ ክምችት 350 ያህሉ ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ደረሱ። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመሐዲስት ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ሆነች።

ግን የተገላቢጦሹም ታሪክ አለ። መጽሐፈ ሄኖክ በሌሎች ቋንቋዎች ቁርጥራጩ ብቻ ሲቀር፣ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ደርሶ፣ ሲመለስ የዚህን መጽሐፍ ቅጂዎች ይዞ ሄደ፤ በኦክስፎርድ ከገባው ቅጂ ተተርጉሞ በ1821 በእንግሊዝኛ ታተመ። አውሮፓ የጠፋባትን ፋይል ከሩቅ ቅጂ መለሰች እንበል። ያንን ያደረገው ትውልድ በትውልድ የቀዱት ጸሐፊዎች ድካም ነው። እነሱ ደግሞ መቅዳት ብቻ አልነበረም ሥራቸው። የተቀዳው ከምንጩ ጋር ይመሳከር ነበር፤ በብራናዎቹ ላይ የምናያቸው ፍቆ የማረምና በመስመር መካከል የመጨመር ምልክቶች የዚያ ምስክር ናቸው። የዛሬው ሶፍትዌር ያጓደለው ይህችን ማመሳከር ነው። በኋላም ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው፣ ቅጂው አዲስ አበባና አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። ሁለት ቦታ፣ ሁለት አህጉር።

እስኪሻሻሉ ድረስ ምን እናድርግ?

«3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ዕቃ ላይ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ» የሚለው ታዋቂ ደንብ ጥሩ ነው፤ ግን ስለ መመለስ ምንም አይልም። በእኛ ሁኔታ «1ዱ ያለ ኔት የሚገኝ» የሚል ሊጨመርበት ይገባል። ለአንድ ተማሪ ይህ ማለት አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ሰፈር ዘመድ ቤት በተቀመጠ ዲስክ ላይ ማለት ነው። ኔት ሲኖር ክላውዱ አራተኛ ይሁን። ዲስኩ ሁልጊዜ ተሰክቶ አይዋል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋል።

ባክአፑ መሥራቱን ስትጠራጠሩ በዚህ ቅደም ተከተል እዩት። መጀመሪያ «በርቷል» የሚለውን ትታችሁ የመጨረሻው ቅጂ የተወሰደበትን ቀን አንብቡ። ቀጥሎ ዲ ላይ ያለው ፎልደር በዝርዝሩ መግባቱን፣ ከዚያ ዲስኩ ላይ ቦታ መኖሩን፣ ከዚያ የመብራቱንና ያመለጠውን ሰዓት ምርጫ። በመጨረሻ የፋይሉን ስም ርዝመት እዩ። ፋይል ሂስትሪ በእያንዳንዱ ስም ላይ ቀንና ሰዓት ስለሚጨምር ረጅም ስም ገደቡን ሊያልፍ ይችላል። በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ የአንድ ስም ገደብ በተለምዶ 255 ባይት ነው። አንድ የፊደል ሆሄ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በአማርኛ የተጻፈ ስም ከ85 ሆሄ አያልፍም።

ፋይሉ ጠፍቶ ከሆነስ? መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ፤ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አትጻፉ። ፍላሹ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ «ሾርትከት» ከሆኑ ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ፋይል ሂስትሪ ራሱ አልከፍት ካለ፣ ኤክስተርናል ዲስኩን ከፍታችሁ በስሙ የተሰየመውን ፎልደር በእጃችሁ ፈልጉ፤ ቅጂዎቹ ተራ ፋይሎች ናቸው። ስማቸው ላይ ያለው ሰዓት ግን የእኛ አይደለም። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የተቀዳ ፋይል እዚያ «07» ተብሎ ይነበባል። ቅጂ ከሌለ እንደ ፎቶሬክ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች ከድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ የተሰረዘ ነገር ሊያወጡ ይችላሉ፤ የወጣውን ግን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡት። በኤስኤስዲ ላይ ተስፋው ትንሽ ነው፤ የተሰረዘውን ቦታ ማሽኑ ራሱ ቶሎ ያጸዳዋል። ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት፤ ደጋግሞ ማስነሳት የቀረውን ይፍቀዋል።

ይህ ሁሉ ዝርዝር አንድ ተማሪ ሊሸከመው የማይገባው ነው። ፕሮግራሙ በየወሩ አንዲት ፋይል ከቅጂው አውጥቶ፣ ከዋናው ጋር አመሳክሮ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ በትክክል የተመለሰው በዚህ ቀን ነው» ብሎ በትልቁ ሊጽፍልን ይችላል። ከባድ ሒሳብ አይደለም። እስከዚያ ግን ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ከአይቲ ክፍሎቻቸው የሚቀበሉት ሪፖርት ላይ «ባክአፕ ተወስዷል» የሚለውን ዓምድ ሰርዘው «ፋይል ተመልሶ ታይቷል፤ ቀኑም ይህ ነው» የሚል ዓምድ ይተኩበት። ቤት ያለነውም ዛሬ ማታ፣ መብራት ካለ፣ አንዲት ፋይል ከባክአፓችን አውጥተን እንክፈታት።