«ዘ ጂንክስ»፤ ቦታው የተለወጠ ቃል

አንድሩ ጃሬኪ ስለ ኒውዮርኩ የሕንፃ ባለጸጋ ልጅ ስለ ሮበርት ደርስት ሠርቶ በ2015 (ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በቴሌቪዥን ያሳየውን ባለ ስድስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ተመልክተናል። የደርስት ሚስት በ1982 ጠፋች፤ ወዳጁ ሱዛን በርማን በ2000 ተገደለች፤ የጎረቤቱን ሬሳ መቈራረጡን ሳይክድ እንኳ በ2003 ከነፍስ ግድያው ክስ ነጻ ወጣ።

የፊልሙ ብርቱ ነገር ፖስታው ነው። የበርማንን ሬሳ ለፖሊስ የጠቈመው ደብዳቤ «ቤቨርሊ» የሚለውን ስም አሳስቶ ይጽፋል፤ ደርስት ቀደም ብሎ ለርሷ በላከው ፖስታ ላይም ያው ስሕተት በዚያው ዓይነት ጽሕፈት ይገኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያሳዩት ሰውዬው የራሱን መለየት አቃተው።

መጨረሻው ግን ቅር አሰኝቶናል። ደርስት ማይክሮፎኑ ሳይነሣለት መጸዳጃ ቤት ገብቶ ለብቻው ሲያጉተመትም፣ ምን አደረግሁ ብሎ ጠይቆ ሁሉንም መግደሉን ራሱ የሚመልስ ይመስላል። በ2019 ለፍርድ ቤት የቀረበው የንግግሩ ግልባጭ ግን «መልሱ» ከጥያቄው ቀድሞ የተነገረ መሆኑን፣ በመካከላቸውም ሌላ ንግግር እንደ ነበረ ገለጸ። ሰውዬው በ2021 በበርማን ግድያ ተፈርዶበት በ2022 እስረኛ ሳለ ስለ ሞተ፣ ማን ተጎዳ የሚለን ይኖራል። ተመልካቾቹ ተጎድተናል! ሀብታም በጠበቃ ብዛት እውነትን ያጣምማል እያልን ስንፈርድ፣ የፈረድንበትን ቃል አዛውሮ የሰጠን ፊልም ሠሪው ኖሯል። ያ ፖስታ በእጁ ሳለ ይህ ለምን እንዳስፈለገው አልገባንም።