ያለ መነጽር ማነጣጠር

በመርሐቤቴም ሆነ በመንዝ «አልሞ ተኳሽ» መባል ተራ ሙገሳ አይደለም፤ መነጽር በሌለው ጠመንጃ የሚገኝ ስም ነውና። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የኋላው ብረት ስንጥቅ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ጉጥ፣ ከዚያ ዒላማው። ዓይን ግን ሦስቱን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። ጀማሪ ዒላማው ላይ ያፈጣል፤ ይስታል። አዋቂው ጉጧን አጥርቶ ያያል፤ ዒላማው ትንሽ ቢደበዝዝ ግድ የለውም።

በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር፤ የፈረንሳይ ሥራ፣ የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። እንዲህ ያለውን የያዘ አዳኝ መቅረብ፣ ነፋሱን ማወቅ፣ ትንፋሹን መቆጣጠር ግዴታው ነው። መነጽር ርቀቱን ያሳጥርለታል፤ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ገደል ወርዶ ሰስ እስክትቀርብ መጠበቅ ግን ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃል። ለእኔ የሚበልጠው ይህኛው ነው።

ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ የመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮም ጥብቅ ነው። ችሎታው እንዳይጠፋ የምትሹ፣ ልጆቻችሁን በወረቀት ዒላማ አስተምሩ።