የሐር ቀሚስ የሸፈነው የሣቅ ስጦታ

እ.ኤ.አ. በ1922 ለሕዝብ የታየው «ፈረሰኝነት ባበበበት ዘመን» የተሰኘው ድምፅ አልባ ፊልም፣ የታሪክ አልባሳት ከተዋንያን እኩል ይቈጠሩ ከነበረበት ጊዜ የተወለደ ሥራ ነው። አዘጋጁ ሮበርት ቪኞላ፣ ገንዘቡ የጋዜጦች ከበርቴ የነበረው የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት፣ አዳራሹንና ጎዳናውን ያነጸው የቪየናው ተወላጅ ጆሴፍ ኡርባን ሲሆን፣ ልዕልቲቱን ሆና የተጫወተችው የከበርቴው ወዳጅ ማሪዮን ዴቪስ ናት።

ታሪኩ ከቻርልስ ሜጀር ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ እኅት ሜሪ ቱዶር ማዕረግ የሌለውን ቻርልስ ብራንደንን ታፈቅራለች፤ ወንድሟ ግን ለመንግሥቱ ጥቅም ሲል ለሸመገለው የፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 12ኛ ይድራታል። በታሪክ ጋብቻው የተፈጸመው በ1514 ነው፤ ሉዊ ሦስት ወር ሳይሞላው ሞተ፤ እርሷም ብራንደንን በስውር አገባች። ብራንደን ግን በዚያ ጊዜ የሰፎክ መስፍን ተሰኝቶ ነበር። ፊልሙ እርሱን ዝቅ ያደረገው ፍቅሩን ከፍ ለማድረግ ነው፤ ይህም ይፈቀድለት። የማይፈቀድለት፣ እኅት እንደ ርስት ለውል የምትሰጥበትን ሥርዓት በወርቅ ክር ጠልፎ ማሳመሩ ነው።

የኡርባን ሥራ በእርግጥ ያስደንቃል። ዳሩ ግን ካሜራው በግንቡ ፊት እንደ ተጋባዥ እንግዳ ርቆ ስለሚቆም ሰው ያንሳል። ዴቪስም ከባዱን ቀሚስ ለብሳ ስትቀመጥ እንደ ተሳለ ምስል ትደርቃለች። ልዕልቲቱ የወንድ ልብስ ለብሳ ከብራንደን ጋር ስትኮበልል ግን ሌላ ሴት ብቅ ትላለች፤ በወይን ጠጅ ቤቱ ወንድ ለመምሰል ስትጣጣር አካሄዷ፣ አንገቷ፣ ዓይኗ ሁሉ ይጫወታል። ለዚህ ክፍል ግንብ አላስፈለገም። (የፈረንሳዩን ፍራንሷን ሆኖ የሚታየው ያኔ ጀማሪ የነበረው ዊልያም ፓወል መሆኑንም ተመልካች ልብ ይሏል።)

ኸርስት ግን ከቀልደኛይቱ ይልቅ ልዕልቲቱን ወደደ። ጋዜጦቹ አወደሷት፤ ውዳሴውም መልሶ ጎዳት፤ ስሟ የገንዘብ ፍጥረት ተብሎ ተጠረጠረ። በ1928 ኪንግ ቪዶር «ሾው ፒፕል» በተሰኘው ፊልም የአልባሳት ድራማን ራሱን እንድትቀልድበት ባደረጋት ጊዜ ችሎታዋ ያለ ጥርጥር ታየ። በ1941 «ሲቲዝን ኬን» ወጣና ብዙዎች ተሰጥዖ የሌላትን ዘፋኝ ሱዛንን እርሷ ናት አሉ። የፊልሙ ደራሲና አዘጋጅ ኦርሰን ዌልስ፣ ሱዛን ማሪዮን ዴቪስን እንደማትመስል በማስታወሻ መጽሐፏ መቅድም ላይ የመሰከረው በ1975 ነው፤ ዴቪስ ከሞተች 14 ዓመት ሆኗት ነበር።