ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ የመጣ ይቅርታ

እ.ኤ.አ. በ1999፣ በአሜሪካ በአንድ ሆስፒታል የስፔሻሊቲ ትምህርቴን በመከታተል ላይ ሳለሁ፣ አንድ ሌሊት ከማላውቀው ክፍል ተጠራሁ። ብዙ ክኒን ውጦ ለጥቂት የተረፈ የሀገራችን ልጅ ተኝቶ ነበር። ከማንም ጋር መነጋገር ስላልፈለገ አማርኛ የሚያውቅ ሐኪም ፈልገው ነው የጠሩኝ። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው። ሁለት ሌሊት ስለ አዲስ አበባ ሰፈሮችና ስለ እግር ኳስ አወጋን፤ በሦስተኛው ነገሩን አወጣው። የሚያፈቅረው ወንድ ነው። እናቱ ይህን ያወቁ ዕለት ልብሱን በሻንጣ ሞልተው ከደጅ አስቀምጠውለታል። ቤታቸው በሰበካው ዘንድ የተከበረ የአገልጋይ ቤት ነው።

ሐኪም እንጂ የንስሐ አባት አይደለሁም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አላለፍኩም። በዚያ ሰሞን ከማነበው መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ሰጠሁት። ምዕራፉ ጥብቅ ቢሆንም ርኅራኄ ያለው፣ ቢያንስ የማይሳደብ ነው ብዬ ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ምዕራፍና ጸሐፊው ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ስለ ጻፉት ሌላ መጽሐፍ፣ በመጠኑም ስለ እኔ ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው «የአዲስ ኪዳን የግብረ ገብ ራእይ» ነው። ጸሐፊው ሪቻርድ ሄይስ በኖርዝ ካሮላይና በሚገኘው በዱክ ዩኒቨርሲቲ የአዲስ ኪዳን መምህር፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንም የተሾሙ አገልጋይ ነበሩ። ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የሚናገረው አሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ በአሜሪካ ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች ዘንድ ለዓመታት እንደ መጨረሻ ቃል ሲጠቀስ ኖሯል። ለምን እንደ ተወደደ ይገባኛል። ሄይስ አያስፈራሩም። ምዕራፉን የሚጀምሩት በዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ የቅርብ ወዳጃቸው በነበረ ሰው ታሪክ ነው። ይህ ወዳጅ በ1989 በኤድስ ሊሞት ሲቃረብ ሊሰናበታቸው መጥቶ ነበር። አማኝ ነው፤ ከራሱ ጋር ሲታገል የኖረ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እሱን ስለሚመስሉ ሰዎች የምትለውን ከሄይስ ጋር ቁጭ ብሎ መርምሯል።

ከዚያ ሄይስ ጥቅሶቹን አንድ በአንድ ይመለከታሉ። ጥቂት መሆናቸውን አይሸሽጉም፤ የገንዘብ ፍቅርና ለድኻ አለመራራት በመጽሐፍ ቅዱስ ከዚህ ጉዳይ እጅግ የሰፋ ቦታ እንደ ያዙም ይመሰክራሉ። ዋናውን ክብደት የሚያሳርፉት በሮሜ መልእክት 1ኛ ምዕራፍ ላይ ነው። መደምደሚያቸው ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ሰዎች ትቀበል፣ የሲቪል መብታቸውንም ትደግፍ፣ እነሱ ግን ታቅበው ይኑሩ የሚል ነው። ምዕራፉን የሚጠቅሱ ሰዎች የመብቱን ነገር ዘለው ሲያልፉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለክትትል ሲመጣ ወረቀቱን ይዞ መጣ። አንብቦታል።

«ዶክተር፣ ይህን የጻፉት ወዳጃቸው ከሞተ በኋላ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዎን» አልኩት።

«እንግዲያው የተስማማላቸውን ሰው ነው የመረጡት፤ እሱም ሞቷል። እኔ ግን አልሞትኩም፤ እርስዎ አትርፈውኛል።»

ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ ተወው። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ምዕራፉን ከዚያ በኋላ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከልጁ የተሻለ ሒስ ግን አላገኘሁም። ሄይስ በሰላምና በጸጋ እንኖራለን የሚሉ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ክርስቲያኖች መኖራቸውን ያነሣሉ፤ ነገር ግን የሰው ልምድ ከቅዱሱ መጽሐፍ ጋር ካልተስማማ ሊጸና አይችልም ይላሉ። የወዳጃቸው ልምድ ስለ ተስማማ ጸና። ምስክር የሚሰማው ፍርዱን ሲደግፍ ብቻ ከሆነ፣ ምስክሩን መጥራት ለምን አስፈለገ?

ለሰውየው ፍትሕ ለማድረግ ያህል ግን በዚያው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ስለ ፍቺ የጻፉትን ማየት ይገባል። ጌታ ስለ ፍቺ የተናገረው ቃል ጥብቅ ነው። ይሁንና ማቴዎስ አንድ በር፣ ጳውሎስም ሌላ በር እንደ ከፈቱ ሄይስ ያሳያሉ፤ ከዚህም ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ መዝና ሁለተኛ ትዳርን ልትፈቅድ እንደምትችል ይደመድማሉ። በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ላይ እንዲህ ያለ ልዩ ልዩ ድምፅ በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁም ነው መልሳቸው። ይህ ሐቀኛ መልስ ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ደረጃ እንኳ አልደረስንም። እኔ በማውቀው ሰበካ ሁለተኛና ሦስተኛ ትዳር የያዙ ሽማግሌዎች በጉባኤ ላይ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ማንም ፎቶ ኮፒ አልሰጣቸውም።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ፍርዱ ከክርክሩ በፊት በቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። ግብረ ሰዶም እንላለን፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎ ይቀጣል። ቃሉን ስንጠራ አንድ የተቃጠለ ከተማ አብሮ ይጠራል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን በ16ኛው ምዕራፍ የሰዶምን በደል ሲዘረዝር የሚያስቀድመው ትዕቢትን፣ ጥጋብንና የድኻን እጅ አለማበርታትን ነው። የይሁዳ መልእክት ነገሩን ወደ ሥጋ ኃጢአት እንደሚወስደው አልክድም። የሚያስደንቀው፣ ሄይስ ራሳቸው በዚያው ጥብቅ ምዕራፍ የሰዶምን ታሪክ ለጉዳዩ ማስረጃ አይሆንም ብለው ወደ ጎን ማድረጋቸው ነው። በታሪኩ የተወራው ግፍና እንግዳን መድፈር ነው። አንዱን ጥቅስ «አንድም» እያሉ በሦስትና በአራት መንገድ የሚፈቱ ሊቃውንት ያሉት ሕዝብ፣ በዚህች ቃል ላይ አንድም ብሎ አያውቅም።

የሙያዬም ታሪክ ንጹሕ አይደለም። በምሥራቅ አውሮፓ ሕክምና ስማር የሥነ አእምሮ መማሪያ መጽሐፋችን ይህን ዝንባሌ ከበሽታዎች ተራ አስገብቶት ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከበሽታዎች ዝርዝር የሰረዘው በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990 ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከልና ከዚያም በኋላ ስንቱ በኤሌክትሪክ ንዝረትና በማቅለሽለሽ መድኃኒት «ታክሟል»። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ትንተና ማኅበር ይቅርታ የጠየቀው በ2019 ነበር፤ ያውም በማኅበር ስም። እኛ ሐኪሞች የመማሪያውን አዲስ እትም እናወጣለን እንጂ በአሮጌው እትም ስለ ጎዳነው ሰው አንጽፍም።

ሄይስ ጽፈዋል። በመስከረም 2024 ከልጃቸው ከክሪስቶፈር ሄይስ ጋር «የእግዚአብሔር ምሕረት መስፋት» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። ልጃቸው በካሊፎርኒያ በፉለር ሴሚናሪ የብሉይ ኪዳን መምህር ነው። አባትየው የ1996ቱን መደምደሚያ በራሳቸው ስም ይሽራሉ፤ ምዕራፋቸው ሰዎችን ለማግለል መሣሪያ በመሆኑ እንደሚጸጸቱ ይናገራሉ። መጽሐፉ በወጣ በአራት ወር ውስጥ፣ ጥር 3 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.፣ ለዓመታት በታገላቸው የጣፊያ ካንሰር ዐረፉ። ካንሰሩን የማውቀው ነውና፣ በእንዲህ ያለ ሰውነት መጽሐፍ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ እገምታለሁ።

ከአድናቆቴ ጋር ግን ሁለተኛው መጽሐፍ እንደ ክርክር ከመጀመሪያው ይደክማል። ሐሳቡ እግዚአብሔር በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ውስጥ ምሕረቱን ደጋግሞ የሚያሰፋ፣ አንዳንዴም ሐሳቡን የሚለውጥ አምላክ ነው የሚል ነው። የሰለጰዓድ ልጆች ርስት ሲጠይቁ ሕጉ ይለወጣል፤ ጌታ በሰንበት ይፈውሳል፤ በሐዋርያት ሥራ 15 አሕዛብ ሳይገረዙ ይገባሉ። ይህ ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ተተርኳል። ነገር ግን ኦሪት ዘሌዋውያን 18 እና ሮሜ 1 ዳግም አልተመረመሩም። አባትየው የጥቅሶቹ ትርጉም ላይ ሐሳባቸውን እንዳልቀየሩ፣ የቀየሩት ጥቅሶቹ ክርክሩን ይቆርጣሉ ወይ በሚለው ላይ እንደ ሆነ ይናገራሉ። ያን ልጅ ከደጅ ያስወጣች ቤት ግን ሮሜ 1ን ከፍታ ነው የምትጠብቀው። ስለ አሕዛብ የሚነገራት ሁሉ ለእሷ ከጥያቄው መሸሽ ነው። ደግሞም አሕዛብ ሲገቡ ከዝሙት እንዲርቁ ታዘዋል፤ ይህን ተቃዋሚ ሁሉ ያነሣዋል፤ መጽሐፉም በቂ መልስ አላዘጋጀለትም።

እኔ ብሆን የምጀምረው ወደ እኛ ከሚቀርብ ቦታ ነበር። ኦሪት ዘዳግም 23 የተሰለበ ሰው ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ትርጉሙ አያከራክርም። ኢሳይያስ 56 ደግሞ ለጃንደረባ በእግዚአብሔር ቤት ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ይሰጠዋል። በሐዋርያት ሥራ 8 የኢትዮጵያው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ የሚያነበው ያንኑ ነቢይ፣ 53ኛውን ምዕራፍ ነው፤ ሦስት ምዕራፍ ወደ ፊት ቢቀጥል ስለ ራሱ የተጻፈውን ያገኛል። ውኃ ሲያይ የጠየቀው የሚከለክለው ነገር ካለ ነው። የሚከለክል ጥቅስ ነበረ። ፊልጶስ አልጠቀሰውም። በክርስትናችን የምንኮራበት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ይህ ሰው ነው። ጃንደረባነት እና የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አንዱ በሰውነት ላይ የደረሰ ነገር ነው፣ ሌላው በሕይወት የሚኖሩት። ክርክሩ ያንን ልዩነት መሻገር ይኖርበታል፤ ቢያንስ ግን ግልጽ ትእዛዝ ባለበት ቦታ የተከፈተ በር ያሳያል፤ በዘሌዋውያን ፊት ለሚቆም አንባቢ የሚያስፈልገውም ይህ ነው።

የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ከ1972 ጀምሮ በሥርዓት መጽሐፏ የነበረውን፣ ይህ ልማድ ከክርስትና ትምህርት ጋር አይስማማም የሚለውን አንቀጽ በ2024 ሰርዛለች። ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በአሜሪካ ካሏት አጥቢያዎች ሩብ ያህሉ በዚህ ምክንያት ተለይተዋታል። በ2009 «ፔዲያትሪክስ» በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ፣ በወጣትነታቸው ቤተሰብ አጥብቆ የገፋቸው ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ካልተገፉት 8.4 እጥፍ በሚበልጥ መጠን ራሳቸውን ለመግደል መሞከራቸውን አሳይቷል። ጥናቱ 224 ሰዎችን የያዘ፣ ሁሉም ነጮችና ላቲኖ የሆኑ ነው። የእኛ ልጆች በቁጥሩ ውስጥ የሉም። እኔ ግን አንዱን አውቃለሁ፤ ከኪሱ ያወጣውን ፎቶ ኮፒም እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ዛሬ እሰጠው እንደ ሆነ ራሴን ጠይቄአለሁ። እሰጠዋለሁ። ከመስጠቴ በፊት ግን እናቱ የሚጠይቁት ገጽ በውስጡ እንደሌለ እነግረዋለሁ።