ባለ ቀይ ጥለቱ ሮክ፦ የጃኖ ባንድ ጉዞ ሲመዘን

በአገራችን ሙዚቃ ባንድ ማለት ብዙውን ጊዜ ከዘፋኙ ጀርባ የሚቆም ነው። በአልበሙ ሽፋን ላይ ትልቁ ፎቶ የድምፃዊው ነው፤ ጊታር የተጫወተው፣ ድራም የመታው፣ ኪቦርድ ላይ የተቀመጠው ስሙ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይጻፍም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘው አልበም ሲወጣ አዲስ የሆነው የጊታሩ ጩኸት ብቻ አልነበረም። አልበሙ የወጣው በአንድ ሰው ስም አልነበረም፤ በጃኖ ባንድ ስም ነበር። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ከፊት ይዘፍኑ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር የነበሩት ተጫዋቾችም አጃቢ ሳይሆኑ የባንዱ አካል ነበሩ።

ወጣቶች፣ ስለ ጃኖ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ክርክሩ «ሮክ መስማት ይገባል ወይስ አይገባም?» በሚለው ላይ ይቆማል። ጥያቄው ሊናቅ አይገባውም፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። ከዚያ በፊት ግን አንድን ሥራ ሳንመዝን ማውገዝም ማድነቅም ፍርድ አይባልም። ጃኖዎች ምን ሊሠሩ ተነሡ? የቱ ተሳካላቸው፣ የቱ ቀረባቸው?

ስሙና ጅማሬው

ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ የጥጥ ልብስ ነው፤ በድሮው ዘመን መኳንንት የሚደርቡት የክብር ልብስ ነበር። ኤርታሌ ደግሞ በአፋር ምድር ውስጡ የቀለጠ ዐለት የሚፈላበት እሳተ ገሞራ ነው። ሁለቱ ስሞች የባንዱን ሐሳብ በአጭሩ ይናገራሉ፦ ከላይ የአገር ልብስ፣ ከውስጥ እሳት።

ባንዱን በማቋቋምና በመምራት ረገድ ስሙ የሚነሣው አዲስ ገሠሠ ነው። አዲስ ከዚያ ቀደም ከዚጊ ማርሊ ጋር የሠራ ሰው ነው። የአልበሙ ፕሮዲዩሰር አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1983 ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር፣ በ1986 ደግሞ ሞተርሄድ ከተባለው የእንግሊዝ ከባድ ሮክ ባንድ ጋር ሠርቷል። ለእኛ ለጎጃሞች ቅርብ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው፦ የቻግኒዋን ልጅ የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የጂጂን፣ እ.ኤ.አ. የ2001 አልበም ያዘጋጀው እርሱ ነው። ስለዚህ ወደ ጃኖ ሲመጣ ለአማርኛ ዜማ እንግዳ አልነበረም።

ጩኸቱ የማን ነው?

ከባድ ሮክ፣ ማለትም ሄቪ ሜታል፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ መሻከርና መጎርነን ይታወቃል። ከእርሱ የወጣው ፕሮግረሲቭ ሜታል ደግሞ በዚያ ላይ ረጃጅም ድርሰትን፣ የሚለዋወጥ ምትንና የተወሳሰበ አሠራርን ይጨምራል። የዚህ ስልት ዋነኛ ተጠሪ የሆነው ድሪም ቲያተር እ.ኤ.አ. በ1985 በቦስተን በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ተመሠረተ። ሙላቱ አስታጥቄም ቀደም ብሎ የተማረው በዚያው ትምህርት ቤት ነው።

«ይህ የነጭ ጩኸት ነው፣ ከእኛ ጋር ምን አለው?» የሚል ይኖራል። በገናን ልብ ብላችሁ አድምጡ። የበገና ድምፅ ዝም ብሎ የጅማት ድምፅ አይደለም፤ ይነዝራል፣ ያጉረመርማል። ይህን የሚያደርገው በጅማቱና በድልድዩ መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። አባቶቻችን ንጹሑን ድምፅ አውቀው አሻከሩት፤ ያሻከሩትም ለጸሎትና ለተመስጦ ነው። የጊታር ተጫዋቹ በኤሌክትሪክ የሚያደርገውን እነርሱ በቆዳ አደረጉት።

ቅኝቶቻችንንም እንመልከት። አንቺሆዬ በስድስት ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ሁለት ድምፆችን በውስጡ ይዟል። ይህ ጥምረት ለምዕራባውያን ጆሮ ሻካራና አስፈሪ ነው፤ ብላክ ሳባዝ እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተው በዚሁ ጥምረት በመሆኑ የሄቪ ሜታል መለያ ሆኖ ቀርቷል። ለእኛ ግን የቆየ የአገር ቅኝት አካል ነው።

እንግዲህ «ድምፁ ራሱ የሰይጣን ነው» የሚለው ክስ አይጸናም። ድምፅ ዕቃ ነው። መመዘን ያለበት በዕቃው ውስጥ የሚቀርበው ነው፦ ቃሉ፣ መንፈሱ፣ ሰሚውን የሚወስድበት ቦታ። በለስላሳ ክራር የተዘፈነ መርዝ አለ፤ በሻካራ ጊታር የተነገረ እውነትም ሊኖር ይችላል።

የተሳካውና የቀረው

የጃኖ ትልቁ ስኬት የድምፅ ክፍፍሉ ነው። አራቱ ድምፃውያን አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል፣ የአገራችን አውጪና ተቀባይ ልማድ በሮክ መድረክ ላይ ይታያል። ከኋላ ድራሙ የእስክስታን ምት በከባድ እጅ ሲመታው ትከሻ ራሱ ይነቃል። እዚህ ላይ ሮኩ የተለጠፈ አይመስልም፤ ከጭፈራው የበቀለ ይመስላል።

ድክመቱም መነገር አለበት። የመጀመሪያው የቃል ነው። አማርኛ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜ ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። ጊታሩ ሲያይል ድምፃዊው ፊደሉን ይስበዋል፣ መጥበቁም ይጠፋል፤ አድማጭ ዜማውን ይዞ ግጥሙን ይጥላል። የአማርኛ ሮክ ሊፈታው የሚገባ ችግር ይህ ነው።

ሁለተኛው የድርሰት ነው። ብዙ ጊዜ መግቢያው ታላቅ ነገር ይመጣል ብሎ ያስጠብቃል፤ ከዚያ ዘፈኑ ወደ ተለመደው የፍቅር ዘፈን ቅርጽ፣ ወደ ግጥምና አዝማች፣ ይገባል። ፕሮግረሲቭ የሚባለው ሙዚቃ ግን ሐሳቡን ደረጃ በደረጃ ያሳድጋል። ለዚህም ባህር ማዶ መሄድ አያስፈልግም። በማሕሌት አንዱ ቃል በዝማሜ፣ በመረግድ፣ በጽፋት እያለ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ያድጋል። ያን የመሰለ ርስት ባለበት ምድር ሮካችን ከግጥምና ከአዝማች ባይወጣ ያስቆጫል።

አብሮ የመቆየት ነገር

ሁለተኛው አልበማቸው «ለራስህ ነው» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። አንዳንዱ ዘገዩ ይላል። እኔ መቆየታቸው ይደንቀኛል። በአገራችን የባንድ ታሪክ የመበተን ታሪክ ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለጉብኝት ሄዶ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ በኋላም አንድ ኪቦርድ የድራሙን፣ የቤዙንና የነፋሱን መሣሪያ ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። የአንድ ድምፃዊ ገቢ ለአንድ ሰው ነው፤ የባንድ ግን ለስምንት ለዘጠኝ ይከፋፈላል። በዚያ ላይ እኛ ዘፈኑን በጥቂት ብር ፍላሽ ላይ አስጭነን፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየላክን የምንሰማው ከሆነ ባንድ በምን ይኖራል? ሙዚቀኛውን ስንተች የራሳችንም እጅ እንዳለበት አንርሳ።

ወደ ቤታችንም እንምጣ። ከጉንደ ወይን እስከ ሞጣና ቢቸና ባሉ አጥቢያዎቻችን ስንት ወጣት ድራም መምታት፣ ቤዝ መያዝ ይመኛል? እኛ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ይዘን፣ ምቱን በቁልፍ አስጀምረን እንዘምራለን። ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ሌላው ወጣት ተመልካች ሆኖ መቅረቱ ነው። ኳየር የነበረው በየጊዜው ወደ ነጠላ ዘማሪ ሲሸጋገር አይተናል። ዓለማዊ ባንድ ስሙን ለሁሉም አካፍሎ ስድስት ዓመት ከቆየ፣ «ብዙዎች ስንሆን አንድ አካል ነን» ብለን የምናምነው እኛ ከዚያ ያነሰ ልንሠራ አይገባንም።

ጃኖዎችን አድምጡ ወይም አታድምጡ የሚለውን ለኅሊናችሁና ለኅብረታችሁ እተዋለሁ። የምታደምጡ ከሆነ ግን በሁለት ጆሮ አድምጡ፦ አንዱ ለዜማው፣ አንዱ ለቃሉ።

ለኅብረት ውይይት

1. አንድን መዝሙር ወይም ዘፈን ስንመዝን ከድምፁ፣ ከቃሉና ከዘማሪው ሕይወት የትኛውን እናስቀድማለን? ለምን?

2. በእኛ ኅብረት መሣሪያ መማር የሚፈልግ፣ ግን ዕድል ያላገኘ ማን አለ?

3. የሙዚቀኛን ሥራ ሳይከፍሉ መቅዳት ከመስረቅ በምን ይለያል?