«ደረጃ 3» ሲባል፦ የሳንባ ካንሰር ናሙና ምዘና ከሰቆጣ ሲታይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የደረት ዕጢዎች ምደባ አምስተኛ እትም ለሳንባ አድኖካርሲኖማ ወጥ የሆነ የግሬድ አሰጣጥ ሥርዓት ይዞ መጥቷል። መነሻው ዓለም አቀፉ የሳንባ ካንሰር ጥናት ማኅበር የፓቶሎጂ ኮሚቴ በ2020 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያው ዕጢው ጤናማውን ሕብረ ሕዋስ ምን ያህል እንደሚመስል በዓይኑ እየገመተ «በደንብ የተለየ»፣ «በመጠኑ የተለየ»፣ «እምብዛም ያልተለየ» ይል ነበር። አንዱ «በመጠኑ» ያለውን ሌላው «እምብዛም» ሊለው ይችላል።

አዲሱ ሥርዓት ግምቱን በልክ ለመተካት ይሞክራል። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ፓቶሎጂስቱ ስላይዶቹን በሙሉ ተመልክቶ ሕዋሳቱ የሠሯቸውን ቅርጾች ይለያል፤ የእያንዳንዱንም ድርሻ በ5 በመቶ እርከን ይመዘግባል። የአየር ከረጢቶችን ግድግዳ ተከትሎ የሚነጠፈው ሌፒዲክ ቅርጽ የበላይ ከሆነ ግሬድ 1፣ አሲናር ወይም ፓፒላሪ ከሆነ ግሬድ 2 ይባላል። ይሁን እንጂ ሶሊድ፣ ማይክሮፓፒላሪ፣ ወይም ተጣብቀው እንደ ወንፊት የተበሳሱ ቅርጾች በድምሩ 20 በመቶ ከደረሱ፣ የበላዩ ቅርጽ የትኛውም ቢሆን ዕጢው ግሬድ 3 ነው። የሥርዓቱ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ በብዙኃኑ ሥር የተደበቀውን ክፉ ጥቂት ያጋልጣል። ኮሚቴው የሕዋስ ክፍፍል ቁጥርንና የኒውክለስ መልክን ጨምሮ ሞክሮ ትንበያውን እምብዛም ስላላሻሻሉለት ትቷቸዋል። ስለዚህ የሥርዓቱ ቅለት ከስንፍና የመጣ አይደለም።

ችግሩ የሚታየው ከዋግ ኽምራ ደጋ ሲመለከቱት ነው። ሥርዓቱ የተሠራው በቀዶ ሕክምና ለወጣ ዕጢ ነው። ከሰቆጣ አካባቢ የሚነሳ ታማሚ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው በቀጭን መርፌ በተሳቡ ጥቂት ሕዋሳት፣ ከሳንባ ሽፋን በተቀዳ ፈሳሽ ወይም፣ ዕድል ከቀናው፣ በብሮንኮስኮፒ በተቆነጠረ ቅንጣት ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ናሙና 20 በመቶ ሲባል የምኑ 20 በመቶ ነው? በትንሽ ናሙና ላይ የታየውን ቅርጽ መጥቀስ ይቻላል፤ ግሬድ መስጠት ግን ያልታየውን እንደታየ አድርጎ መጻፍ ነው። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማም ቢሆን እስካሁን ይህን የመሰለ ስምምነት ያገኘ ግሬድ የለውም። ስሞል ሴል ደግሞ በባሕርይው ከፍተኛ ግሬድ በመሆኑ ተጨማሪ ቁጥር አይሻም። እንግዲህ ለሁሉም ናሙና አንድ ዓይነት «ግሬድ ___» የሚል ክፍት ቦታ ያለው የሪፖርት ቅጽ፣ ባለሙያውን ማስረጃ የሌለውን ነገር እንዲሞላ ይገፋፋዋል።

ከዚህ የሚብሰው የቃሉ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ግሬድንም ስቴጅንም «ደረጃ» እንላቸዋለን። የመጀመሪያው የሕዋሳቱን ጠባይ ይናገራል፤ ሁለተኛው በሽታው በሰውነት ውስጥ የደረሰበትን ስፍራ። ትንሽ፣ ያልተሰራጨ፣ ተቆርጦ ሊድን የሚችል ዕጢ ግሬድ 3 ሊሆን ይችላል። ስቴጅ 3 ግን በአብዛኛው በደረት መካከል ወዳሉ ንፍፊቶች የዘለቀ በሽታ ነው። «ግሬድ 3» የሚለው የእንግሊዝኛ ሪፖርት በአማርኛ «ደረጃ 3» ሆኖ፣ ከዚያም ለደሃና ወይም ለጋዝጊብላ ገበሬ በኽምጣና ሲተረጎም ምን ይቀራል? በሬውን ሸጦ ለመታከም ወደ አዲስ አበባ ሊነሳ የነበረው ሰው «ካለቀለት በኋላ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ከቤቱ ቢቀር ጥፋተኛው እርሱ አይደለም። በዚያ ላይ «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው ስያሜ ለቲቢ የቆየ ነው፤ ሰውም ካንሰርን ነቀርሳ ይላል። ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት ጨርሶ ያልተሻለው ሰው ካንሰር እንዳለበት ሲነገረው ያው በሽታ የተደገመበት ቢመስለው አይደንቅም። በአማርኛ ለሚጽፍ ባለሙያ ግሬድን «የጠባይ መጠን»፣ ስቴጅን «የስርጭት ደረጃ» ማለት ሳይሻል አይቀርም፤ የተሻለ ስያሜ ያለው ያምጣው።

አምስተኛው እትም ስለ ናሙና አያያዝ የሚያሳስበን ያህል እኛ አናስብም። ሕብረ ሕዋሱ መጠኑን ቢያንስ አሥር እጥፍ በሚበልጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ወዲያው መግባት አለበት፤ በመንገድ ላይ የደረቀ ወይም የበሰበሰ ቅንጣትን የትኛውም ማይክሮስኮፕ አያድነውም። የመጠየቂያ ቅጹም «ሳል» ብሎ ማብቃት የለበትም። የታማሚው ዕድሜ፣ ያጨስ እንደሆነና በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥ ስንት ዓመት እንዳበሰለች፣ የቲቢ ሕክምና መቼ እንደተወሰደ፣ ራጁ ዕጢውን ከየትኛው የሳንባ ክፍል እንዳሳየ ይጻፍበት። በቂ ሕዋስ ካለ ስሞል ሴልን ከሌላው መለየት፣ ቀለሞቹ በሚገኙበት ቦታም በቲቲኤፍ-1 እና በፒ40 አድኖካርሲኖማን ከስኳመስ መለየት ይቻላል። ሕክምናውን የሚለውጠውም ይኸው ነው። በሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሪፖርቱን የሚያነብ ሐኪምም ከተገመተ ቁጥር ይልቅ «በዚህ ናሙና ግሬድ መስጠት አይቻልም» የሚል አንድ መስመር ቢያገኝ ለታማሚው የሚነግረው እውነት ይኖረዋል።